የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ሥራ ምንድን ነው?

በእግር ኳስ ረዳት አሰልጣኝ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ከዋናው አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን አንድ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ከፍተኛው የፉትቦል ሊግ) ቡድን ብቻውን ከአስር በላይ ረዳቶች አሉት። ብዙ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ቡድኑ 53 ተጫዋቾች ይይዛል። የሚያጠቁት ሌሎች፣ የሚከላከሉት ሌሎች፣ ኳስ በእግር ሲመታ የሚገቡትም ሌሎች ናቸው። አንዱ የሚያውቀው ሙያ ለሌላው ባዕድ ነው።

ሥራው ደረጃ አለው። ጀማሪው የተጋጣሚን ቪዲዮ ሲቆራርጥና ሲመዘግብ ያድራል። ከእሱ በላይ የአንድ ቦታ ተጫዋቾችን ብቻ የሚያሠለጥን አለ። ከዚያ የማጥቃቱ ወይም የመከላከሉ አስተባባሪ ይመጣል፤ አናቱ ላይ ዋናው አሰልጣኝ አለ። ስመ ጥሩው አሰልጣኝ ቢል ቤሊቺክ እ.ኤ.አ. በ1975 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በባልቲሞር ኮልትስ ቡድን ሲጀምር የሚከፈለው በሳምንት 25 ዶላር ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሙያ ወደ ዋና አሰልጣኝነት መወጣጫ አድርጎ ብቻ ነው የሚያየው። እኔ በዚህ አልስማማም። ዕድሜውን በረዳትነት ያሳለፈውን ዳንቴ ስካርኔኪያን እንመልከት።

ስካርኔኪያ በ1970 ኮሌጅ ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከካሊፎርኒያ ወደ አይዋ፣ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ አሪዞና ሲዘዋወር አስር ዓመት አለፈው። በ1982 ሮን ሜየር የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን አብሮት መጣ። በዚህ ሙያ እንጀራህ የታሰረው ከዋናው ጋር ነው። እሱ ሲባረር ረዳቶቹም አብዛኛውን ጊዜ ጓዛቸውን ይሸክፋሉ፤ አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣልና። ቤት ይለቀቃል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይቀይራሉ።

ሜየር በ1984 ተባረረ። ስካርኔኪያ ግን ቀረ። በ1989 እና በ1990 ኢንዲያናፖሊስ ሠርቶ ተመለሰ። በፓትሪዮትስ ቤት በጠቅላላው በስድስት ዋና አሰልጣኞች ሥር አገልግሏል። በ1992 ዋናው ሲታመም ቡድኑን ለጊዜው መርቷል፤ ከዚያ ወደ ረዳትነቱ ተመለሰ። የተሰጠውን ሁሉ ሠርቷል።

ስሙን ያስጠራው ግን የማጥቃት መስመሩ ነው። እነዚህ ኳርተርባኩን (ኳስ እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች) ከፊት ሆነው የሚከላከሉለት አምስት ግዙፍ ሰዎች ናቸው። ኳስ ይዘው አይሮጡም፣ ነጥብም ከስንት አንዴ ነው የሚያስቆጥሩት፣ ካሜራው የሚያያቸው ሲሳሳቱ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ በየትኛው እግር ይሁን? እጅ ደረት ላይ የት ይረፍ? ከጎን የሚመጣውን ማን ይቀበለው? አምስቱም መልሱን እኩል ማወቅ አለባቸው። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ኳርተርባኩ መሬት ላይ ነው። አሰልጣኙ ይህንኑ በየቀኑ ያስደግማቸዋል።

ስቲቨን ኒል ለዚህ ምስክር ነው። ኒል በ1999 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የነጻ ትግል ተወዳዳሪ ነበር። ኮሌጅ ውስጥ ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ከስካርኔኪያ እጅ ገብቶ ግን የቡድኑን ኳርተርባክ ቶም ብራዲን የሚጠብቅ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። ሰውነቱ ጠንካራ እንደነበር አልክድም፤ ግን ከዜሮ ተነስቶ እዚያ መድረስ ያለ ጥሩ አስተማሪ አይሆንም።

ስካርኔኪያ ከ2013 የውድድር ዘመን በኋላ ጡረታ ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 2016 ዴንቨር ላይ በተደረገ ጨዋታ ብራዲ ሃያ ጊዜ ያህል ተመታ። ፓትሪዮትስ 20 ለ 18 ተሸንፎ ከሱፐር ቦውል (ከሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ቀረ። የመስመሩ አሰልጣኝ ተሰናበተና ክለቡ 68ኛ ዓመቱን የያዘውን ስካርኔኪያን ጠራው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ፓትሪዮትስ በሱፐር ቦውል አትላንታን 28 ለ 3 ከመመራት ተነስቶ 34 ለ 28 አሸነፈ። ሁሉም ስለ ብራዲ ክንድ አወራ። ትክክል ነው፤ ግን ያ ክንድ ኳስ የሚወረውረው ጊዜ ሲያገኝ ነው። ጊዜውን የሚሰጡት እነዚያ አምስቱ ናቸው።

በ2018 የውድድር ዘመን አምስተኛ የሱፐር ቦውል ዋንጫውን አነሳ። በ2020 መጀመሪያ ላይ በቃኝ ሲል በፓትሪዮትስ ብቻ 34 የውድድር ዘመን ሠርቶ ነበር። በ2023 ክለቡ በክብር መዝገቡ ውስጥ ስሙን አሰፈረ። ቋሚ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ክብር ብዙም አይሰጥም፤ ለእሱ ግን ሲያንስበት ነው።