የእናት ዓሣ ተጽዕኖ ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ዘረ መል (ጂን) ማለት ይመስለዋል። አይደለም። እናት ዓሣ እንቁላሏ ውስጥ ከዘረ መሏ ሌላ ስንቅ ትቋጥራለች፦ አስኳል፣ ሆርሞን፣ የተዘጋጀ አርኤንኤ (ፕሮቲን እንዲሠራ ለሴል መመሪያ የሚያደርስ የጂን ቅጂ)።

ዜብራፊሽ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ እንውሰድ። እንቁላሉ ከዳበረ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ገደማ የፅንሱ ጂኖች በአብዛኛው ሥራ አይጀምሩም። ሴሎቹ ግን እየተከፋፈሉ ወደ 1,000 ይጠጋሉ! ይህን ሁሉ የሚያስኬደው እናት ያስቀመጠችው አርኤንኤና ፕሮቲን ነው። ስለዚህ እናቲቱ በደንብ ካልበላች ወይም ጭንቀት ከበዛባት፣ የፅንሱ ጂን እንከን ባይኖረውም ጣጣው ሊተርፈው ይችላል።

አባትስ? በብዙ ዝርያዎች ዘሩን ረጭቶ ውልቅ ይላል። ስቲክልባክ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ወንዱ ግን ጎጆ ሠርቶ እንቁላሎቹን ይጠብቃል፤ ኦክስጅን እንዲያገኙም በክንፉ ውሃ ያራግብላቸዋል።