«ግመልህን እሰርና በአላህ ተመካ»፦ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

ይህን አባባል ያልሰማ ሙስሊም ማግኘት ይከብዳል። ልጅ ሳያጠና «አላህ ያውቃል» ብሎ ፈተና ሊገባ ሲል እናቱ ትነግረዋለች። ነጋዴው ሱቁን ሳይቆልፍ ወደ መስጊድ ሲሮጥ ጎረቤቱ ከኋላው ይጠራዋል፦ «ግመልህን እሰር እንጂ!» ጥሩ ምክር ነው። የሚቆጨኝ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ብቻ የሚወራ መሆኑ ነው። «እሰር» የሚለው ጎልቶ ይሰማል፤ «ተመካ» የሚለው እንደ ማሳረጊያ ይታለፋል።

መነሻው ሐዲስ፣ ማለትም ከነቢዩ የተላለፈ ንግግር ነው። የነቢዩ ባልደረባ አነስ ኢብን ማሊክ እንዳስተላለፉት አንድ ሰው ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ፦ «የአላህ መልእክተኛ ሆይ፣ ግመሌን ልሰራትና ልመካ ወይስ ልልቀቃትና ልመካ?» መልሱ አጭር ነበር፦ «እሰራትና ተመካ።»

ሐዲሱን ያሰፈሩት ኢማም አት-ቲርሚዚ «ገሪብ» ብለውታል። ከአነስ በኩል የሚያውቁት በአንድ መንገድ ብቻ ነው ማለት ነው። ተመሳሳዩ ከዐምር ኢብን ኡመያ አድ-ደምሪ መተላለፉንም እዚያው ጠቅሰዋል፤ ኢብን ሒባን በዚህኛው መንገድ ዘግበውታል። ዐምር ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ አይደሉም። በሲራ (የነቢዩ ሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት እንደሚነገረው የነቢዩን ደብዳቤ ለሐበሻው ንጉሥ ለነጃሺ ያደረሱት እርሳቸው ናቸው።

ማሰሩን እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ምድረ በዳ ላይ ግመል የሚታሰርበት ዛፍ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ግመሏን ያንበረክኳታል፤ የታጠፈውን የፊት እግሯን እንደታጠፈ በገመድ ጠምጥመው ይቋጥሩታል። ብትነሳም በሦስት እግር እያነከሰች ነው፤ ሩቅ አትሄድም። ሥራው የአንድ አፍታ ነው። ገመዱ ግን ሌባ አያስቆምም፤ በሽታም አይከለክልም። የሰውየው ድርሻ እስከ ቋጠሮው ድረስ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከሂጅራ፣ ማለትም ነቢዩ ከጠላቶቻቸው ሸሽተው ከመካ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ጉዞ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። ጊዜው 622 ነው። በአላህ በመመካት ነቢዩን የሚስተካከል ሰው የለም፤ ከመካ ሲወጡ ግን ነገሩ ሁሉ በደንብ ታስቦበት ነበር። መዲና ከመካ በስተሰሜን ናት። እርሳቸውና አቡበክር ግን በደቡብ በኩል ወዳለው የሰውር ዋሻ ሄደው ሦስት ሌሊት ተደበቁ። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን መካ ይውልና የሰማውን ወሬ ማታ ያደርሳል። ዓሚር ኢብን ፉሀይራ ከብቱን ወደዚያው እየነዳ ወተት ያቀርባል። መንገድ መሪም በክፍያ ተይዟል። ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ ይባላል። ሙስሊም እንኳ አልነበረም፤ መንገዱን ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አሳዳጆቹ ዋሻው አፍ ላይ ደረሱ። አቡበክር «አንዳቸው ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ ቢያይ ያየናል» አሉ። ነቢዩም «አቡበክር ሆይ፣ ሦስተኛቸው አላህ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ምን ታስባለህ?» አሏቸው። ገመዱ እዚያ ጋ አለቀ። የነቢዩ ልብ ግን መጀመሪያውኑም ገመዱ ላይ አልነበረም።

ተቃራኒውም ታሪክ አለ። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ቡኻሪ ከኢብን ዐባስ እንደዘገቡት የየመን ሰዎች «እኛ በአላህ የምንመካ ነን» እያሉ ስንቅ ሳይዙ ለሐጅ ይመጡ ነበር። መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። «ስንቅንም ያዙ» የሚለው የቁርኣን (የሱረቱል በቀራ) አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። ለእኔ ይህ ከባድ ትምህርት ነው። የእጁን ሥራ የተወ ሰው በአላህ የተመካ ይመስለዋል፤ ሸክሙን ግን የጫነው በሌላ ሰው ላይ ነው።

አሁን ወደተረሳው ግማሽ ልምጣ። በቲርሚዚ መጽሐፍ ከዚህ ሐዲስ በፊት ያለው፣ ነቢዩ ገና ልጅ ለነበረው ለኢብን ዐባስ የሰጡት ምክር ነው፦ «ስትለምን አላህን ለምን፤ እርዳታ ስትሻም በአላህ ታገዝ።» ሁለቱ ሐዲሶች ተከታትለው መቀመጣቸውን ሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል። አንዱን ከሌላው ነጥሎ መያዝ አይቻልም። ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። መጀመሪያ ራሱን ይሞክራል፣ ዘመድ ያስቸግራል፣ ሁሉ እምቢ ሲለው «እንግዲህ ዱዓ አድርጉልኝ» ይላል። ዱዓ የመጨረሻ መፍትሔ አይደለም። «አንተን ብቻ እንገዛለን፤ አንተንም ብቻ እርዳታን እንለምናለን» የምንለው በአምስቱ ፈርድ (ግዴታ) ሶላቶች ብቻ በቀን 17 ጊዜ ነው። ሥራ ሳንጀምርም፣ ሥራው መሐል ላይም፣ ከጨረስንም በኋላ።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ እህት ውሏን ታስነብባለች፤ የፓስፖርቷን ኮፒ ለእናቷ ትተዋለች፤ የኤምባሲውን ስልክ ትይዛለች። ይህ ማሰሩ ነው። ከመወሰኗ በፊት ግን ሁለት ረከዓ ሰግዳ ኢስቲኻራ ታደርጋለች፦ ነገሩ ለዲኔና ለኑሮዬ የሚበጅ ከሆነ አግራልኝ፣ ካልሆነ ከእኔ አርቀው፣ መልካሙንም ባለበት ስጠኝ ብላ። እዚህ ላይ ማሰሩና መመካቱ አብረው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ይህን አባባል የተጎዳ ሰው መውቀሻ አታድርጉት። የከሰረውን፣ ታሞ የተኛውን «ግመልህን አላሰርክም» ማለት ግፍ ነው። የታሰረችም ግመል ትሰረቃለች። የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ መጀመሪያ «በሚጠቅምህ ላይ ጉጉ፤ በአላህም ታገዝ፤ አትሳነፍ» ይላሉ። ቀጥለው ደግሞ አንድ ነገር ቢደርስብህ «እንዲህ ባደረግሁ ኖሮ» አትበል፤ «አላህ ወሰነ፣ የሻውንም ሠራ» በል ይላሉ። «ኖሮ» ማለት የሸይጣንን ሥራ ይከፍታልና። ልጁ ፈተና ወድቆ ሲመጣ እናቱ ይህኛውንም ትንገረው። በሚቀጥለው ዓመት ለማጥናት ጉልበት የሚሰጠው እሱ ነው።