48 ሰዓት ምንድን ነው?

ሰው በታሰረ ቁጥር «48 ሰዓት አልፎታል፤ ከአሁን በኋላ በሕግ ነፃ ሰው ነው» የሚል አይጠፋም። ሌላው ይቀበልና «ፖሊስ እኮ 48 ሰዓት የማሰር መብት አለው» ይለዋል። ሁለቱም ሕገ መንግሥት ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብን መብት የሰጠው ለተያዘው ሰው ነው። ለፖሊስ የደረሰው ግዴታ ብቻ ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ የተለጠፈውን ታሪፍ አስቡት። የተጻፈው ጣሪያ ነው፤ ረዳቱ የግድ ያን ያህል ይቀበል አይልም። አስበልጦ ቢቀበልም ጉዞው በነፃ አይሆንም፤ ተሳፋሪው አቤት ማለት አለበት። 48 ሰዓቱም ሲያልፍ የጣቢያው በር በራሱ አይከፈትም፤ አንቀጽ 19(4) የሚሰጠው ፍርድ ቤቱ አካልን ነፃ እንዲያወጣ፣ ማለትም ታሳሪው ይለቀቅ ብሎ እንዲያዝ፣ የመጠየቅ መብት ነው። እርግጥ ታክሲ ላይ ትርፍ ብር ይመለሳል፤ ጣቢያ ያደረ ሌሊት ግን አይመለስም።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር አይጠበቅም። ከስሌቱ የሚወጣው ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ስለ እሑድና ስለ በዓል የተጻፈ ነገር የለም። ከፒያሳ አራዳ ምድብ ችሎት ለመድረስ ደግሞ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስለዚህ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የተያዘበትን ሰዓትና ቦታ፣ ያዩትንም ሰዎች ስም ይጻፍ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 መሠረት ከቃለ መሐላ ጋር ይቀርባል፤ ማን እንደያዘውና የት እንዳለ በግልጽ ይሰፍራል። ታሳሪው ቃለ መሐላውን መስጠት ካልቻለ ሌላ ሰው ይሰጥለታል።

ከዚህ የባሰው «ሕጉ 14 ቀን ይፈቅዳል» የሚለው ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 የሚለው አንድ የጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ታሳሪው በእስር እንዲቆይ ዳኛ የሚሰጠው ጊዜ) ከ14 ቀን አይብለጥ ነው። ይኸም ጣሪያ ነው! ዳኛው 3 ቀን ሊሰጥ፣ ጨርሶም ሊከለክል ይችላል። ጉድለቱ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል አንቀጹ አለመገደቡ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀጠሮ አጥብቆ መጠየቅ ነው፦ ባለፉት ቀናት ምን ተሠራ? ስንት ምስክር ቀረ? ታሳሪው ውጭ ቢሆን የትኛው ማስረጃ ይበላሻል? ቀጠሮ ከተሰጠ በኋላ በ48 ሰዓቱ ስም አካል ነፃ ይውጣ ማለት ብዙም አያራምድም፤ እስሩ አሁን በዳኛ ትዕዛዝ ሆኗልና። የሚያዋጣው ዋስትና መጠየቅ ነው።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93(4) እንዳይነኩ ብሎ የዘረዘራቸው አንቀጾች 1፣ 18፣ 25 እና 39(1)ና (2) ናቸው፤ 19 ከመካከላቸው የለም። ያን ጊዜ ክርክሩ የሚጀመረው ከአዋጁ ጽሑፍ ነው።