ሮስታምና ሶህራብ

ሮስታምና ሶህራብ አባት ልጁን ሳያውቀው የሚገድልበት የፋርስ ትራጄዲ ነው። የሚገኘው ባለቅኔው ፈርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 ባጠናቀቀው ሻህናሜ (የነገሥታት መጽሐፍ) ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ግዙፍ ሥራ የሚይዘው 1,000 ያህል ጥንድ ስንኝ ብቻ ነው። የአባትንና የልጅን ነገር በዚህች ጠባብ ቦታ እንዲህ አምቆ የያዘ ግጥም ማግኘት ይከብዳል።

የኢራኑ ጀግና ሮስታም የጠፋ ፈረሱን ራክሽን ሲፈልግ ሳማንጋን ከተባለች ከተማ ይደርሳል፤ እዚያም የንጉሡ ልጅ ታህሚና ትፀንስለታለች። ሲለያዩ የክንዱን ዶቃ ፈትቶ ይሰጣታል፦ የምትወለደው ሴት ከሆነች ከጸጉሯ፣ ወንድ ከሆነ ከክንዱ እንድታስረው። ልጁ ሶህራብ ጎርምሶ የአባቱን ማንነት ሲሰማ የኢራኑን ንጉሥ ካይ ካውስን አውርዶ ሮስታምን ሊያነግሥ ከኢራን ጠላት ከቱራን ጦር ጋር ይዘምታል። የቱራኑ ንጉሥ አፍራሲያብ ግን አባትና ልጅ እንዳይተዋወቁ የሚጠብቁ ሁለት አዛዦች አብሮ ይልካል።

ጥፋቱ የሚጠነሰሰው ስም በመደበቅ ነው፤ የግጥሙም ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባቱን እንዲያሳየው ከሶህራብ ጋር የመጣው ዠንደ ራዝም ነበር። ሮስታም ራሱ በሌሊት የጠላትን ሰፈር ሊሰልል ገብቶ አንገቱን በቡጢ መትቶ ይገድለዋል። በማግስቱ ሶህራብ ኢራናዊውን ምርኮኛ ሆጂርን ከፍታ ላይ አቁሞ በኢራን ሰፈር ያሉት ድንኳኖች የማን እንደሆኑ አንድ በአንድ ይጠይቀዋል። ዘንዶ የተሳለበት ሰንደቅ የቆመበት አረንጓዴ ድንኳን የሮስታም ነው። ሆጂር ግን ወጣቱ ሮስታምን ለይቶ እንዳይገድለው ፈርቶ «ከቻይና የመጣ እንግዳ ነው» ይለዋል። በመጨረሻ ሶህራብ ፊት ለፊት «ሮስታም አንተ ነህ?» ሲል፣ አባት ራሱ ይክዳል።

በመጀመሪያው ቀን በጦር፣ በሰይፍና በዱላ ተፋልመው ሳይሸናነፉ ይለያያሉ። በማግስቱ በትግል ሲገጥሙ ሶህራብ አባቱን ጥሎ ጩቤ ሲመዝ፣ ሮስታም በመጀመሪያ ውድቀት አንገት መቁረጥ ወግ እንዳልሆነ ነግሮ ያታልለዋል፤ ልጁም አምኖ ይለቀዋል። ዳግም ሲገጥሙ ሮስታም ይጥለዋል፤ ለልጁ ግን ያን ወግ ሳያከብርለት ወዲያው ይወጋዋል። ሶህራብ «አባቴ ሮስታም ይበቀልልኛል» ሲል ነገሩ ይገለጣል፤ ከጥሩሩ ሥር ዶቃው አለ። ካይ ካውስ ቁስል ፈዋሹን ኑሽዳሩ ይከለክላል፤ አባትና ልጅ አብረው እንዳይነሡበት ፈርቷል።

ግጥሙ በሙተቃሪብ ምጣኔ የተጻፈ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ 11 ቀለም ሲኖረው ጥንዶቹ እርስ በርስ ቤት ይመታሉ። መግቢያው ነፋስ ያልበሰለ ትርንጎ ሲያረግፍ እያሳየ፣ ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ግፍ ብሎ ይጠይቃል።

ከሚታወቁት ቅጂዎች ጥንታዊው፣ እ.ኤ.አ. በ1217 የተጻፈውና ፍሎረንስ የሚገኘው፣ የሻህናሜን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ የያዘ ቢሆንም ይህ ታሪክ አለበት። የታህሚና የሐዘን እንጉርጉሮ ኋላ የተጨመረ ነው የሚሉ አርታዒዎች አሉ። ያም ሆኖ ውበቱ የሚካድ አይደለም።

በኢራን ቡና ቤቶች ታሪኩን የሚተርኩት ናቃሎች ናቸው። ተራኪው በትር ይዞ፣ ድምፁን ለየገጸ ባሕርዩ እየለወጠ፣ እያጨበጨበ፣ የቃል ትረካንና ግጥምን እያፈራረቀ ለብዙ ምሽት ያስኬደዋል። የግድያው ምሽት ሶህራብ ኮሺ ይባላል፤ ቤቱ የሚሞላውም ያን ዕለት ነው። ተራኪው ጩቤው ሊመዘዝ ሲል ቆም ብሎ ገንዘብ ይሰበስባል። ዩኔስኮ ይህን የትረካ ጥበብ፣ ናቃሊን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች ተርታ መዝግቦታል።