«ሳንማ ከሆነ የሜጉሮ ነው»፦ ከጃፓን የቀልድ መድረክ የወጣ አባባል

ጃፓኖች በቅጡ ስለማያውቀው ነገር በልበ ሙሉነት የሚፈርድ ሰው ሲገጥማቸው «ሳንማ ዋ ሜጉሮ ኒ ካጊሩ» ይላሉ። «ሳንማ ከሆነ የሜጉሮው ብቻ ነው፤ ሌላውን ተዉት» እንደ ማለት ነው። ሳንማ በመጸው ወራት የሚሰባ፣ ቀጠን ረዘም ያለ የባሕር ዓሣ ነው። ሜጉሮ ዛሬ በቶክዮ ውስጥ ያለች ሰፈር ናት፤ በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1603–1868) ግን ከከተማው (ቶክዮ ያኔ ኤዶ ትባል ነበር) ወጣ ብላ የምትገኝ የገበሬ መንደር ነበረች። ባሕር አይነካትም፤ ሳንማም ከዚያ ሊሰገር አይችልም። ሳቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አባባሉ የተወለደው ራኩጎ ከሚባለው የጃፓን የቀልድ ትረካ ነው። በራኩጎ አንድ ተራኪ መከዳ ላይ ተንበርክኮ ይቀመጣል፤ እስኪጨርስ አይነሣም። በእጁ ያለው ማራገቢያና ፎጣ ብቻ ነው። ባለ ብዙ ሰው ታሪክን ብቻውን ይጫወተዋል፤ ጌታው ሲናገር ፊቱን ወደ አንድ ወገን፣ አሽከሩ ሲመልስ ወደ ሌላው ያዞራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መስፍን አሽከሮቹን አስከትሎ በፈረስ ወደ ሜጉሮ ይወጣል። ቀትር ላይ ይርበዋል፤ ስንቅ የያዘ ግን የለም። ከአንድ የገበሬ ቤት የሚጠበስ ዓሣ ሽታ እየታወደ ይመጣል።

«ይህ የምን ሽታ ነው?»

«ሳንማ የሚባል የተርታ ሰው ዓሣ ነው፣ ጌታዬ። ለእርስዎ አፍ የሚሆን አይደለም።»

«ሆዴ ባዶ ነው፤ አምጣልኝ!»

የመጣለት ሳንማ በቀጥታ ከፍም ላይ የተነሣ ነው። ቆዳው ጠቁሯል፣ ይጨሳል፣ ስቡ ገና ይንጨረጨራል። መስፍኑ ቤቱ የሚቀርብለት ታይ የሚባለው የክብር ዓሣ ነው፤ እሱም በመርዝ ቀማሾች እጅ አልፎ በርዶ ይደርሰዋል። ትኩስ ነገር ከዕቃው ላይ እየጨሰ ሲቀርብለት የመጀመሪያው ነው። ጥሩ ተራኪ እዚህ ቦታ አይቸኩልም። የታጠፈው ማራገቢያ የመመገቢያ እንጨት ይሆናል፤ እፍ ይላል፣ ያኝካል፣ ዓይኑ በድንገት ይበራል። መድረኩ ላይ አንዲት ቅንጣት ዓሣ ሳይኖር የተመልካቹ አፍ ምራቅ ይሞላል።

አሽከሮቹ ግን ፈሩ። «ጌታዬ፣ ይህን መብላትዎ ቤት ከተሰማ የምንጠየቀው እኛ ነን፤ እባክዎ ለማንም አይንገሩ» ብለው ለመኑት። እሺ አላቸው። ሳንማው ግን ከልቡ ሊወጣ አልቻለም።

ከዕለታት አንድ ቀን ዘመዱ ዘንድ ተጋበዘና የሚወደውን እንዲያዝ ተጠየቀ፤ «ሳንማ» አለ። ቤቱ ተሸበረ። ወደ ኒሆንባሺ፣ ወደ ታላቁ የዓሣ ገበያ፣ ሰው ተልኮ ከምርጥም ምርጥ ሳንማ መጣ። ወጥ ቤቶቹ ግን ይህን ያህል ስብ ጤናውን ይጎዳል ብለው በእንፋሎት አብስለው ስቡን አስወገዱት። እሾህ ቢወጋውስ ብለው ደግሞ አንድ በአንድ በወረንጦ ነቀሉለት። በመጨረሻ ዓሣው ተበታትኖ መልክ ስላጣ ሾርባ ውስጥ ጨመሩት። መስፍኑ ቀመሰው፤ ጣዕም የሚባል የለውም።

«ይህን ሳንማ ከወዴት አመጣችሁት?»

«ከኒሆንባሺ ገበያ ነው፣ ጌታዬ።»

«እሱ ነዋ! ሳንማ ከሆነ የሜጉሮ ነው።»

ተራኪው ይህን ብሎ እጅ ይነሣል፤ ታሪኩ አለቀ። ይህች የመጨረሻ ቃል በራኩጎ ቋንቋ «ኦቺ» ትባላለች። ከእሷ በኋላ ማብራሪያ የለም፣ ምክር የለም። መስፍኑ ለምን እንደተሳሳተ የሚገባው አድማጩ ነው። ሰው ቃሏን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደውና ለዕለት ንግግሩ ያዋላት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከታሪኩ ተነጥላ እንኳ ሙሉውን ታሪክ ትጠራለች።

የተለመደው ትርጓሜ አባባሉን በመስፍኑ ላይ ብቻ ይጥለዋል፤ ሳያውቅ አዋቂ የሚመስል ሰው መገለጫ ነው ይላል። ትክክል ነው፤ ሰዎችም የሚጠቀሙበት እንዲሁ ነው። ታሪኩን ሙሉውን የሰማ ግን እዚያ ሊያቆም አይገባውም ብዬ አምናለሁ። የመስፍኑ ምላስ አልተሳሳተም፤ የሜጉሮው ሳንማ በእርግጥ ይበልጥ ነበር። ያልታወቀው ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱን ከእሱ የሰወሩት ደግሞ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ሁሉም ስለ እሱ ተጨንቀው ስቡን ወሰዱ፣ እሾሁን ነቀሉ፣ ጣዕሙንም አብረው ጣሉ። ሹም ስለ ሕዝቡ ኑሮ ሲናገር ሁሉ ነገር ተላልጦ፣ በርዶ፣ ተጣርቶ ሲደርሰው የኖረ መሆኑን የኤዶ ነዋሪ በዚህ ዓሣ ሳቀበት።

በብዙ ተራኪዎች ዘንድ ታሪኩ የሚጀምርበት አንድ ትንሽ ጨዋታ ይህንኑ ያጠናክርልኛል። መስፍኑ ታይ ከሚባለው ዓሣ አንዴ ይቆርስና «ሌላ አምጡ» ይላል። ሌላ የለም። ብልጡ አሽከር «ጌታዬ፣ በአትክልት ቦታው ያሉት አበቦች እንዴት አምረዋል!» ብሎ ዓይኑን ያስዞረውና ዓሣውን ይገለብጠዋል። መስፍኑ ከዚያኛውም ጎን ይቆርስና እንደገና «ሌላ አምጡ» ይላል። አሽከሩ ግራ ሲገባው ጊዜ መስፍኑ ራሱ «ምነው፣ አበባውን ደግሜ ልመልከትልህ?» ይለዋል። ይህ ሞኝ ሰው አይደለም። የሚታለለውን እያወቀ ዝም የሚል፣ የታጠረ ሰው ነው።

የራኩጎ አባት ተደርጎ የሚጠራው የኪዮቶ መነኩሴ አንራኩዋን ሳኩደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1623 ከአንድ ሺህ የሚበልጡ አስቂኝ ታሪኮችን በመጽሐፍ ሰብስቦ ጨርሷል። ወደ እኛ ዘመን ሲቀርብ «የሜጉሮ ሳንማ»ን ከሁሉ ይበልጥ ታዋቂ ካደረጉት ተራኪዎች አንዱ ሦስተኛው ሳንዩቴይ ኪንባ (እ.ኤ.አ. 1894–1964) ነው። በሜጉሮ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ሻይ ቤት ወሬ አለ፤ ሦስተኛው ሾገን (የጦር ገዥ) ቶኩጋዋ ኢዬሚትሱ ለአደን ሲወጣ እዚያ ያርፍ እንደነበረ ይነገራል፤ የአካባቢው ሰዎችም የሳንማውን ታሪክ መነሻ ከዚያ ያያይዙታል።

ሜጉሮዎች በቀልዱ አላፈሩም፤ እንዲያውም ኩራታቸው ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በመጸው የሳንማ በዓል ይከበራል፤ ፍም ይነዳል፣ ሳንማ ይጠበሳል፣ ለተሰለፈው ሕዝብም በነጻ ይታደላል። ዓሣው የሚመጣው ከሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ፣ በኢዋቴ ካለችው ከሚያኮ ወይም በሚያጊ ካለችው ከኬሰኑማ ነው። በቅርብ ዓመታት የሳንማ ምርት በጣም በመመናመኑ በዓሉን ማዘጋጀት እንደ ድሮው ቀላል አልሆነም። ሰልፉ ግን ዛሬም ረጅም ነው፤ በሰልፉ ውስጥ ያለውም ሰው የመስፍኑን ቃል በኩራት ይደግመዋል።