ኢሜይላችን ለምን ስፓም ውስጥ ይገባል? ስለ ላኪ አድራሻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደረሰኝ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ። ሰው እየጠበቀው ያለ ኢሜይል ስፓም ውስጥ ሲቀር ብዙዎቻችን ጥፋቱን የምንፈልገው ጽሑፉ ላይ ነው። ርዕሱን እንቀይራለን፣ ፎቶውን እናወጣለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው የላኪው ማንነት ሳይረጋገጥ መቅረቱ ላይ ነው።

«የላኪ ቦታ ላይ የኛ አድራሻ ካለ፣ የላክነው እኛ ነን»

አይደለም። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ በ1982 ሲወጣ የላኪን ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም። ዛሬም ቢሆን ሰርቨር ያለው ሰው እዚያ ቦታ ላይ ያሻውን አድራሻ መጻፍ ይችላል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት ሦስት የላኪ ማረጋገጫ ዘዴዎች የመጡት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው።

«ኤስፒኤፍ ካስገባን በቂ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ኤስፒኤፍ በዶሜይናችን (በአድራሻው ከ@ በኋላ ባለው ስም) መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፤ የዶሜይኑ መረጃ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በሚቀመጥበት በዲኤንኤስ ላይ ይቀመጣል። ነገር ግን አንድ ኢሜይል ሁለት የላኪ አድራሻ አለው። አንዱ ተቀባዩ የሚያነበው ነው። ሌላው ከጀርባ ያለ፣ መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር ማሳወቂያው የሚመለስበት ነው። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው ይህን ከጀርባ ያለውን ነው።

በሌላ ድርጅት አገልግሎት በኩል ስንልክ ደግሞ ይህ አድራሻ ብዙ ጊዜ የአገልግሎት ሰጪው ነው። ስለዚህ ኤስፒኤፍ «አልፏል» ይላል፤ ያለፈው ግን የእነሱ ዶሜይን እንጂ የኛ አይደለም። ዲማርክ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ በኤስፒኤፍ ወይም በዲኪም (መልእክቱ ላይ በሚደረገው ዲጂታል ፊርማ) ያለፈው ዶሜይን ሰው ከሚያየው ዶሜይን ጋር ይገጥማል? ከሁለቱ አንዱም ካልገጠመ መልእክቱ ወድቋል።

መፍትሔው አገልግሎቱ ውስጥ ገብቶ በራሳችን ዶሜይን የሚፈርም ዲኪም ማብራት ነው። መስራቱን ለማየት ለራሳችሁ ጂሜይል አንድ መልእክት ላኩና ሦስቱን ነጥቦች ተጭናችሁ ኦሪጅናሉን ክፈቱ። የኤስፒኤፍ፣ የዲኪም እና የዲማርክ ውጤት ከላይ ይታያል። ከዲኪም ጎን የተጻፈው ዶሜይን የእናንተ ካልሆነ ሥራው አላለቀም።

በነገራችን ላይ አንድ ዶሜይን ሊኖረው የሚገባው አንድ የኤስፒኤፍ ሪከርድ (ዲኤንኤስ ላይ የሚጻፍ መስመር) ብቻ ነው። አዲስ አገልግሎት በጀመሩ ቁጥር ሁለተኛ የሚጨምሩ አሉ፤ ያኔ ሁለቱም አይሰሩም። ሪከርዱ የሚጠይቃቸው የዲኤንኤስ ፍለጋዎችም ከ10 መብለጥ የለባቸውም።

«ዲኪም መልእክቱን ይመሰጥራል»

ይፈርማል እንጂ አይደብቅም። ፊርማው መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ ያሳያል። ኢሜይሉ ፎርዋርድ ሲደረግ የሚልከው ሰርቨር ስለሚቀየር ኤስፒኤፍ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ይዘቱ ካልተለወጠ ግን ዲኪም ይተርፋል።

«ዲማርክ አስገብተናል፣ ማንም በስማችን አይልክም»

ፖሊሲው፣ ማለትም የወደቀ መልእክት ምን ይደረግ ብላችሁ ለተቀባይ ሰርቨሮች የሰጣችሁት መመሪያ፣ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ደረጃ «ምንም አታድርጉ፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ» ይላል። ብዙ ዶሜይን እዚያው ተረስቶ ይቀራል። ቀጥሎ ወደ ስፓም መላክ፣ ከዚያም ጭራሽ አለመቀበል አለ። በአንዴ ወደ መጨረሻው መዝለል ግን አልመክርም። የድረገጹ ፎርም፣ የሂሳብ ክፍሉ ሶፍትዌር፣ ሁሉም በዶሜይናችሁ ስም ይልካሉ። መጀመሪያ ሪፖርቶቹን አንብቡ፣ ሁሉንም አስተካክሉ፣ ከዚያ አጥብቁ።

«የጂሜይል አድራሻችንን ላኪ አድርገን በሌላ አገልግሎት ብንልክስ?»

የጂሜይል ዲኤንኤስ በእጃችን ስላልሆነ ማረጋገጥ አንችልም። ያሁ በ2014 ፖሊሲውን «አትቀበሉ» ወደሚለው ሲቀይር በያሁ አድራሻ በሌላ ሰርቨር በኩል ይላኩ የነበሩ መልእክቶች ተመላሽ ሆነዋል። የራስ ዶሜይን የግድ ነው።

«እኛ ትንሽ ነን፣ አይመለከተንም»

ከየካቲት 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ጉግል ወደ ጂሜይል ከሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃል። በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩ ሁለቱም ከነዲማርኩ ግዴታ ናቸው።

«ሦስቱን ካለፍን ኢንቦክስ ውስጥ ነን»

ሦስቱ የሚናገሩት ማን እንደላከው ነው። ተቀባዩ ይፈልገው አይፈልገው ሌላ ጉዳይ ነው። ጉግል «ስፓም ነው» የሚሉ አቤቱታዎች 0.3 በመቶ እንዳይደርሱ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዝርዝሩ መውጫውን ሊንክ አትደብቁ። መውጫ ያጣ ሰው የሚጫነው የስፓሙን ቁልፍ ነው።