ዓይን ያረፈበት፦ የዓይን ክትትል በላንድስኬፕ ዲዛይን ትምህርት

የዓይን ክትትል ማለት ሰው አንድን ነገር ሲመለከት ዓይኑ የት የት እንደሚያርፍ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚዘዋወርና የት ቆየት እንደሚል በመሣሪያ መመዝገብ ነው። በተለምዶ አይ ትራኪንግ ይሉታል። ስለ ንባብ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችና የማስታወቂያ ሰዎች ከቆየ ጀምሮ ይጠቀሙበታል። የላንድስኬፕ ዲዛይን (የመናፈሻ፣ የሐይቅ ዳርና የመሳሰሉት የውጭ ቦታዎች ንድፍ) ተማሪ ሲይዘው ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፦ እንዲታይልኝ ብዬ የነደፍኩት ነገር በእርግጥ ይታያል?

ዓይናችን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ትንሽ ቦታ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ጥርት ብሎ የሚታየው ከዚያ ብዙም አይሰፋም፤ 2 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀረው ደብዘዝ ያለ ነው። ስለዚህ ዓይን በሰከንድ 3 ወይም 4 ጊዜ ይዘላል። በዝላዮቹ መካከል ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ያርፋል። በደንብ የምናየው ያኔ ነው።

መሣሪያው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል። ካሜራው ብሌኑንና ብርሃኑ በዓይን ፊት ላይ የሚያንጸባርቅበትን ነጥብ ይይዛል። ከሁለቱ አቀማመጥ ተነስቶ ሰውየው ወዴት እንደሚያይ ያሰላል። ከመጀመሩ በፊት ተመልካቹ 5 ወይም 9 ነጥቦችን በየተራ እንዲያይ ይደረጋል፤ ማስተካከያ ነው። ከኮምፒውተር ስክሪን ሥር የሚገጠም አለ፣ እንደ መነጽር የሚደረግም አለ። ውጤቱ ወይ የዓይንን መንገድ የሚያሳይ መስመር ነው፣ ወይ ብዙ የታየውን ቦታ በቀይ የሚያቀልም የሙቀት ካርታ።

ለተማሪዎች ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት የአልፍሬድ ያርቡስ ሥራ ይመስለኛል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠራ ተመራማሪ ነው። አንድ ቤተሰብ የሚታይበትን የሠዓሊውን የኢሊያ ሬፒንን ሥዕል ለተመልካች እያሳየ ጥያቄውን ይቀያይር ነበር። የሰዎቹን ዕድሜ ገምት ሲባል ዓይን ወደ ፊታቸው ሄደ። የቤተሰቡን ኑሮ ገምት ሲባል ደግሞ ወደ ልብስና ወደ ቤት ዕቃ ዞረ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ይህን ወደ ሐዋሳ እናምጣው። እንበልና አንድ ስቱዲዮ (የዲዛይን ክፍል) ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ሳይት ማለትም የሚነድፍበት ቦታ አድርጎ ያዘ። ሐይቁ አለ፣ ጀልባዎቹ አሉ፣ ዓሣ የሚያጸዱት ወጣቶች አሉ፣ ፍርፋሪ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ አሉ፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። የቦታውን አንድ ፎቶ ለዓሣ ሻጭ፣ ለባጃጅ ሹፌርና ከአዲስ አበባ ለመዝናናት ለመጣ እንግዳ አሳዩ። «የት ትቀመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «ባጃጅ የት ቢቆም ይሻላል?» በሉ። ካርታዎቹ እንደ ጥያቄውም እንደ ሰውየውም ይለያያሉ። «ተጠቃሚው» እያልን በጅምላ የምንጠራው ሰው ብዙ ሰው መሆኑን ተማሪው ያኔ በዓይኑ ያያል።

በእኔ እምነት ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ከቀረጻው በፊት ነው። ተማሪው ሬንደሩን (ዲዛይኑ ሲሠራ ምን እንደሚመስል የሚያሳየውን የኮምፒውተር ምስል) አትሞ ሰው መጀመሪያ የት እንደሚያይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ከዚያ የተመልካቾች ዓይን ይቀረጽ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰቀሉ። ዓይን ሰውን፣ ፊትንና ጽሑፍን ይወዳል። ስለዚህ ለማሳመሪያ ብሎ ሬንደሩ ላይ የለጠፋቸው ሰዎች ሳምንት ሙሉ የለፋበትን የዛፍ ረድፍ ሊውጡት ይችላሉ። ሐይቁን እንዲያሳይ የታሰበ መንገድ ጫፍ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ካለም ዓይን ከውሃው በፊት ጽሑፉን ያነባል። ጁሪ (ሥራውን የሚገመግሙት መምህራን) ፊት ቆሞ ይህን ከመስማት ቀድሞ ራስ አይቶ ማረም ይሻላል።

የሠለጠነ ዓይን ከሌላው ይለያል። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመልክዓ ምድር ፎቶዎችን ለባለሙያዎችና ለሌሎች ሰዎች አሳይተው ዓይናቸው የሚዘዋወርበት መንገድ እንደሚለያይ አግኝተዋል። ባለሙያው ምስሉን ሰፋ አድርጎ ያስሳል። ይህ ለተማሪ ማስጠንቀቂያም ነው፤ አምስት ዓመት ከተማረ በኋላ እንደ ሐይቅ ዳር ተመላላሹ ማየት ይከብደዋል።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። መሣሪያው የሚመዘግበው የዓይኑን ድርሻ ብቻ ነው። ሰው የወደደውንም የጠላውንም አፍጥጦ ያያል። አበባም ይታያል፣ የቆሻሻ ክምርም ይታያል። ስለዚህ ከቀረጻው በኋላ «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ቆየህ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። የሚጠበሰውን ዓሣ ሽታና ከሐይቁ የሚመጣውን ንፋስም ስክሪን አያሳይም።

ሌላ አደጋ አለ። ማንም ያላየው ቦታ አላስፈላጊ ነው ማለት አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ዝናብ ሲበዛ ውሃው ይሞላል፣ ዳርቻውም ይገፋል። የጎርፍ መውረጃን ማንም ቆሞ አያይም፤ ዲዛይኑን ደግፎ የሚያቆመው ግን እሱ ነው። የሙቀት ካርታ አይቶ «አልታየም፣ ይቅር» የሚል ተማሪ እዚያው መታረም አለበት።

ወደ ተግባር ስንመጣ የመጀመሪያው ጣጣ ፀሐይ ነው። የፀሐይ ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ ስላለው መሣሪያውን ያደናግራል፤ ሰውም ዓይኑን ያጨናብሳል። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ዳር ቆሞ ውሃውን የሚያይ ሰው ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ናት። በመነጽር የሚደረገው ቀረጻ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። መሣሪያው ውድ ስለሆነ በተራ የኮምፒውተር ካሜራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች አማራጭ ናቸው። ትክክለኛነታቸው ግን ዝቅ ይላል። በተለይ እንደ እኛ ያለውን ጥቁር ቡናማ ዓይን በተራ ብርሃን ከብሌኑ መለየት ይቸግራቸዋል። በኢንፍራሬድ ይህ ችግር ይቀላል። ስለዚህ በተራ ካሜራ የተገኘ ካርታ «ዓይኑ ወደ ግራ ሄደ» ለማለት ይበቃል እንጂ «ይህችን አግዳሚ ወንበር አየ» ለማለት አያስደፍርም።

ተመልካቹ ምን እንደሚቀረጽ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ዓይን ባለቤቱ ሳያስበው የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ መነጽር አድርጎ ሰው መካከል ሲሄድ ማንን እንዳየ ሁሉ ይመዘገባል። ልተወው ካለ ይተዋል፣ ቀረጻውም እሱ እያየ ይሰረዛል።